ቁልቁሊትን ያስቆመው ፎቶ

ፎቶ አንሺው ኪዳነማርያም የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ የፒያሳ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ያየው ሁሉ ግን አላየሁም ለማለት ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ነፍሱ ከወጣች በኋላም ከሕያዋን ተቆጥሮ ብዙ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ከወርቅ ሠሪው ከረሻድ ሱቅ በላይ ባለችው ሰገነት፣ አንድ ባለ ሦስት እግር አሮጌ ካሜራ ተተክሏል። ከኋላው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ጎንበስ ብሏል። ጊዜው የሰባ ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ያየ ሰው አንገቱን ሰብሮ እርምጃውን ያፈጥን ነበር እንጂ ቀና ብሎ ማነው አይልም። ጠዋት ከበሩ ላይ ሬሳ ተሻግሮ ቢሮ የገባ ሰው፣ በማያውቀው ፎቶ ውስጥ መገኘት አይፈልግም። ዝም አይነቅዝም እያለ ሁሉም አለፈ።

«አቶ ኪዳኔ፣ የዚች ሰዓት ፎቶ ዛሬም አላለቀም?» አለ ረሻድ፣ የቀትር ሶላቱን ሊሰግድ ወደ ፎቅ ሲወጣ። መልስ ሲያጣ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ኪዳነማርያም ግንባሩን ካሜራው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ አረፋ ደርቆ ነበር። ረሻድ መጀመሪያ ያሰበው መጮህን አልነበረም፤ ያሰበው ጨርቁን መልሶ ሸፍኖ አላየሁም ማለትን ነበር። ከዚያ ግን ጨርቁን ለቀቀና ፖሊስ እንዲጠራ ሰው ላከ።

ካሜራው ያነጣጠረው ፊት ለፊት ባለው የተወረሰ ፎቅ ግንባር ላይ ነው። እዚያ የተሰቀለችውን ሰዓት የሰፈሩ ሰው ቁልቁሊት ይላታል። ቁጥሯ የግእዝ ሆኖ አናቷ ላይ ፮፣ ግርጌዋ ላይ ፲፪ ተጽፏል። የድሮው ነጋዴ ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያሠራት፤ ፈረንጁ በቆጣሪዎቹ አቀማመጥ የራሱን ሰዓት ያነብባል፣ የኛ ሰው ደግሞ በቁጥሩ የራሱን። ከአናቷ በላይ ዘውድ፣ ከግርጌዋ ሥር ደግሞ ቆጣሪዎቹ የሚስተካከሉባት ትንሽ መስኮት ነበረቻት።

ሻምበል አስገዶም ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ከሱቁ የሚሰማው ሬዲዮ የሰባት ሰዓት ዜና እያለ ነበር። አስገዶም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድ የኖረ የፖሊስ መርማሪ ነው። በዚያ ዓመት ሥራ ፈትቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሬሳው መንገድ ላይ ሞልቶ፣ ገዳዩ ማነው ተብሎ የሚጠየቅለት ሟች ግን ብርቅ ሆኖ ነበር። የትግርኛ ቃና ያለው አማርኛው ስለሚያሳጣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ለምዷል። እርሱም እንደ ሌላው ይፈራ ነበር።

ሬሳውን ሳይነካ ዞረው። የካሜራው ሌንስ ክፍት ነው። የሌንሱ ቆብ ኪዳነማርያም ቀኝ እጅ ውስጥ ተጨብጧል። ጨርቁ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ፊልሙን በመያዣው ውስጥ ከብርሃን የምትጋርደው ስስ ጥቁር ክዳን ወድቃለች። ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ የቆየም፣ አዲስም። በአዲሱ ምልክት ዙሪያ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ደርቋል። አስገዶም አሸተታትና ቶሎ ከፊቱ አራቃት።

ከበርጩማው ጎን ያልተከፈተ ምሳ ዕቃ ነበር። ከሟቹ የደረት ኪስ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ነጋቲቭ ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ ቁልቁሊትን አየ። ሬዲዮው ሰባት ካለ አምስት ደቂቃ ሆኗል፤ ቁልቁሊት ግን ገና ሰባት ለመሆን አሥር ደቂቃ ቀርቷት እየሄደች ነበር።

«ጓድ ሻምበል፣ አትድከሙ፤ ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ከኋላው እሸቴ። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው፤ ከኋላው ሁለት ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች አሉ። «ምሳውን ያመጣችው ሠራተኛው ትርሓስ ናት። ባሏ ተክላይ የሚባል አስተማሪ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ስንፈልገው የጠፋ። ሰውዬው ለአብዮቱ ፎቶ ሲያነሳ መርዝ አበላችው። ፋራ እንኳ ያውቀዋል።»

«ምን ዓይነት ፎቶ ነው?»

«ይቺን የፊውዳል ሰዓት በሚቀጥለው ሳምንት እናወርዳታለን። ቦታዋ ላይ መፈክር ይሰቀላል። በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ ለሚለው ኤግዚቢሽን ፎቶዋን እዘዝ ተባልኩ፣ አዘዝኩ።» የነጋቲቩን ጥቅል በአገጩ አመለከተ። «እሱንም ታትሞ አያለሁ። ሥሯ ማን ቆሞ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ያዩታል። ልጅቷን ግን ትንሽ ይተዉልኝ።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ ቀበሌ እወስዳታለሁ።»

ቀበሌ መወሰድ ምን እንደሆነ ሰገነቱ ላይ ለነበረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ረሻድ ዓይኑን ጨፈነ።

እሸቴ ከወረደ በኋላ አስገዶም ከረሻድ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ማን ማን ወጣ?»

«ትርሓስ ካሜራውን ተጋግዛ አወጣችና ምሳውን አስቀምጣ ሄደች። ጓድ እሸቴ የፈቃዱን ወረቀት አመጣ። ከዚያ ሰዓት ጠባቂው ጋሽ እምሩ መጡ። ከእኔ ጋር አራት ነን።»

«ጋሽ እምሩ ለምን መጡ?»

«ምልክት ሊነጋገሩ። አቶ ኪዳኔ ትናንትም አንስቶ ነበር። የደቂቃ ቆጣሪዋ ስለተንቀሳቀሰች ደብዝዞ ወጣ፣ ዛሬ ሰዓቷ መቆም አለባት አለ። ጋሽ እምሩ አራት ሰዓት ሲሆን ሊያስቆሟት፣ አቶ ኪዳኔ ሲጨርስ ቆቡን በእጁ ሊያውለበልብ፣ ያኔ ሊያስነሷት ተስማሙ። ጓድ እሸቴም ነበር፤ ምልክት ሳታይ ብታስነሳት ውርድ ከራሴ ብሏቸዋል።»

«አቶ ኪዳነማርያም የሚጠጣ ነገር ጠይቆህ ነበር?»

«በሁዳዴ?» ረሻድ አለማወቁ ገረመው። «እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። እኔ ሙስሊሙ እንኳ ፊቱ ሻይ አልጠጣም።»

«ወርቅ የምታጥብበት መርዝ አለህ?»

«አለ። ቆልፌበት ነው።»

«ለሰው ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ረሻድ በደረጃው በኩል ወደ ታች፣ ወደ ጠመንጃዎቹ አየ። «ለማንም» አለ። ግንባሩ ላብ አቸፈቸፈ።

ጋሽ እምሩን አስገዶም ያገኛቸው ከሰዓቷ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍላቸው ነው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያጠለቁ፣ ከጣልያን መውጣት ጀምሮ ቁልቁሊትን ሲሞሉና ዘይት ሲቀቡ ያረጁ ሰው ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ለመናገር ቸኮሉ።

«አስቁም ባለኝ ሰዓት አስቆምኳት። ቆየት ብሎ እጁን ከጨርቁ አውጥቶ ቆቡን አውለበለበልኝ። አስነሳኋት። ሌላ አላውቅም ልጄ።»

«ፊቱን አላዩትም?»

«በጨርቁ ተሸፍኖ። እጁን ብቻ።»

«ቆማ ስለነበር ወደ ኋላ ቀርታለች እኮ። ለምን አላስተካከሏትም?»

«ለማስተካከል መስኮቷን ከፍቼ እጄን ወደ ውጭ መስደድ አለብኝ» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ሁሉ ጠመንጃ ፊት? ነገ ይደርሳል።»

መልሱ ጥሩ ነበር። አስገዶም አመስግኖ ወጣ፤ ጋሽ እምሩም በሩን ሲዘጉት መቀርቀሪያው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው።

የኪዳነማርያም ፎቶ ቤት በአደባባዩ በኩል፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የማይርቅ ነው። ትርሓስ ነጋቲቭ እያስተካከለች ለፊት ጠባሳ፣ ለጨለመ ዓይን መላ የምትፈልግ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ማልቀሷን ጨርሳ ደርቃ ተቀምጣለች። ከበሩ ላይ የእሸቴ ሰው ቆሟል።

«ዛሬ ካሜራው ውስጥ የነበረውን ፊልም እጠቢልኝ» አላት አስገዶም። «ከዚያ ይቺን አትሚልኝ።»

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግተው ቆሙ። የዛሬው ፊልም ከውኃው ሲወጣ አንዳች ነገር አይታይበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሌንሱ አልተዘጋም። እስከምንሸፍነው ድረስ ብርሃን ሲገባው ውሏል።» ትርሓስ ፊልሙን መልሳ አንጠለጠለችው። «ጋሼ ቆቡን ሳይመልስ ነው የሞተው።»

«ሲሠራ ስሷን ክዳን የት ያደርጋታል?»

«በጥርሱ ይነክሳታል። ካሜራው አርጅቶ ብርሃን ስለሚያስገባ ከነጨርቁ ሆኖ በአንድ እጁ መያዣውን ይደግፋል፣ በሌላው ቆቡን ያነሳል። ሦስተኛ እጄ ጥርሴ ነው ይል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል።»

ቀጥላ ከኪሱ የወጣችውን ነጋቲቭ በወረቀት ላይ አትማ መድኃኒቱ ውስጥ ጣለቻት። በቀዩ መብራት ሥር ምስሉ ቀስ እያለ መጣ። ፎቁ፣ ዘውዱ፣ ቁልቁሊት ከነቁጥሯ። ከግርጌዋ ያለችው ትንሽ መስኮት ክፍት ናት። በመስኮቷ ውስጥ ፂሙ ያደገ የሰው ፊት ወደ መንገዱ ይመለከታል።

 ትርሓስ ወረቀቱን የያዘችበት መቆንጠጫ የሳህኑን ጠርዝ ይመታ ጀመር። አስገዶም ፊቱን አየ፣ እሷን አየ፤ ያልገባው ነገር አልነበረም። በሩ ማዶ የሰውየው ጠመንጃ ግድግዳውን ሲነካ ይሰማል።

«ኣይትፍርሒ፣ ሓፍተይ» አላት በሹክሹክታ። እህቴ አትፍሪ ማለቱ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን ፈርቷል። ይህን አይቶ ዝም ያለ መኮንን ነገ እርሱም መንገድ ላይ ይገኛል። የሰሜን ሰው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ።

«ባሌ ነው» አለች ትርሓስ። «ጋሽ እምሩ የክርስትና አባቱ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ ነው። ይግደሉኝ፣ ግን እሱን...»

«ኪዳነማርያም ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ማንም አያውቅም።»

አስገዶም ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ፊቱን ብቻ አልነበረም የሚያየው፤ የደቂቃ ቆጣሪዋንም ጭምር ነው። ያየውን ግን አልነገራትም።

«እሸቴ ይህን ፎቶ ይጠይቀኛል» አላት። «ሳልሰጠው ልቀር አልችልም። ነጋቲቭ ላይ ያለ ነገር ቢፋቅ ምን ይሆናል?»

«ሲታተም ጥቁር ይሆናል። ባዶ መስኮት ይመስላል።»

ሻምበል አስገዶም በሥራ ዘመኑ ማስረጃ ጠፍቶበት አያውቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከኋላው ምላጭ ፊልሙን በጥንቃቄ ሲፍቅ ሰማ፤ ሚስት የባሏን ፊት ስታጠፋ። የመጀመሪያውን ወረቀት አስገዶም ራሱ ቀዳዶ ከመድኃኒቱ ጋር ወደ ቱቦው አፈሰሰው። ሲወጡ ለበሩ ጠባቂ ገና ያልደረቀች የባዶ መስኮት ፎቶ አሳየው፤ ሰውየውም ምንም አልገባውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሬሳው ከተነሳ በኋላ፣ ሁሉም ከረሻድ ሱቅ በላይ ተሰበሰቡ። ረሻድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ትርሓስ በሁለት ጠመንጃ መካከል ናት። ጋሽ እምሩ በርጩማው ተሰጥቷቸው እምቢ ብለው መሬት ተቀምጠዋል። እሸቴ ፎቶዋን አገላብጦ አይቶ «ሥሯ ማንም የለም» ብሎ በርጩማው ላይ ወረወራት።

«እንግዲህ ጓድ ሻምበል፣ ጊዜዎ አልቋል» አለ።

«ምሳ ዕቃውን ይክፈቱት» አለ አስገዶም።

እሸቴ ከፈተው። ሽሮው ላይ ጣት አላረፈም።

«ኪዳነማርያም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም ነበር። የሞተው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። መርዙ በምግብ ቢሆን ኖሮ ቀትር ላይ ገና ሕያው ሆኖ ይገኝ ነበር። ልጅቷ ጾሙን ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ መግደል ብትፈልግ በማይበላበት ሰዓት በምሳ አትመጣም።»

«ታዲያ በምን ገባ?»

አስገዶም ስሷን ክዳን በመሀረብ ይዞ አሳያቸው። «በዚች። ሲሠራ በጥርሱ ይነክሳት ነበር፤ ሰፈሩ ያውቃል። ጫፏ ላይ ያለው ነጭ ነገር መርዝ ነው። በጾም አፉን የዘጋ ሰው ሥራው ላይ ግን አፉን ከፈተ። ስለዚህ ገዳዩ ዛሬ ጠዋት ይቺን ክዳን የነካ ሰው ነው። እዚህ ሰገነት ላይ የወጡት አራት ናቸው፤ ትርሓስ፣ ረሻድ፣ ጋሽ እምሩና እርስዎ ጓድ እሸቴ።»

ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ ተያዩ። እሸቴ ፊቱ ጠቆረ። «እኔን ይጨምሩኛል?»

«ለማስወጣት ነው የምጨምርዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰዓቷ በምን ትነሳ ነበር የተባለው?»

«ቆቡን ሲያውለበልብ። እኔው ነኝ ሽማግሌውን ያስጠነቀቅኩት።»

«ቁልቁሊትን ይዩዋት። ከሬዲዮው ሩብ ሰዓት ትዘገያለች። ሩብ ሰዓት ቆማ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ተነሳች። ምልክት ማን ሰጠ?»

«ኪዳነማርያም» አሉ ጋሽ እምሩ ከመሬት፣ ቀስ ብለው። «ነግሬሃለሁ ልጄ። ቆቡን አውለበለበልኝ።»

«የሚያውለበልበው ሲጨርስ ነው» አለ አስገዶም። «ሲጨርስ ደግሞ መጀመሪያ ፊልሙን ይጋርዳል፣ ሌንሱን ይዘጋል። ስሷን ክዳን ወድቃ አገኘናት። ሌንሱም እስከ ቀትር ክፍት ነበር። ፊልሙ ይኸው።» ጥቁሩን ፊልም ወደ ብርሃኑ አነሳው፤ እጁ እንኳ ከኋላው አልታየም። «ይህ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። ክዳኗን ነከሰ፣ ቆቡን አነሳ፣ ሞተ። ምልክት አልሰጠም። ሰዓቷ እስካሁን እንደቆመች መዋል ነበረባት።»

 ከታች አንድ መኪና ማርሽ እየቀየረ ወደ ድልድዩ ወረደ።

«ከማዶ ሆኖ ለሚያየው ጨርቅ የለበሰ ሰው ሕያውም ይሁን ሙት አንድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እየሠራ ነው ብሎ አልፏል። ምልክቱ እንደማይመጣ ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እርሱ ሰዓቷን አስነስቶ ወረደ።»

ረሻድ ድንገት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መርዙን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው ወር፤ የሰዓቷን ነሐስ ላጽዳበት ብለው ለምነውኝ። ቀትር ላይ ስጠየቅ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። አላህ ይየኝ።»

«ነገሩ ጥሩ ነው» አለ እሸቴ። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ፊት ከቅርብ አየ። «ግን ለምን? አንድ ፎቶ አንሺ ምን አደረገህ?»

የተፈራው ጥያቄ ይህ ነበር። ትርሓስ ከንፈሯን ነክሳ ደም አወጣች። ለምን ለሚለው እውነተኛው መልስ መንገዱ ማዶ፣ ከቁልቁሊት ጀርባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።  ጋሽ እምሩም ምን እንደሚመልሱ አላሰቡበትም ነበር።

«እኔ ልንገርዎት» አለ አስገዶም።  «ፎቶው የስንብት ፎቶ ነበር። ፎቶዋ ከተነሳ በኋላ ሰዓቷ እንድትወርድ አዘዋል። ጋሽ እምሩ ሚስትም የላቸው፣ ልጅም የላቸው። ያለቻቸው እሷ ናት። ፎቶው ካልተነሳ የማትወርድ መሰላቸው።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እንደዚያ አይደለም ጋሽ እምሩ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው ወደ ትርሓስ ሄዶ ተመለሰ። አስገዶም ያየውንና የደበቀውን በዚያች ቅጽበት ተረዱ።

«እንደዚያ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን የሰጠኋትን ሰዓት ሊያስወርድብኝ መጣ። ገደልኩት።»

«ለሰዓት?» እሸቴ ሳቀ፤ ሰዎቹም ሳቁለት። «ለተገለበጠች ሰዓት ሰው ይገድላል። ይሄ ሽማግሌ ለይቶለታል።» ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጣ። ሌላ ምን እንዳለ የሰዓቷን ክፍል እንፈትሻለን።»

ረሻድ የትርሓስን ክንድ ያዘ።

«ይችላሉ» አለ አስገዶም ረጋ ብሎ። «ሽማግሌው ግን መርዙን ነሐሱ ላይ ሲቀቡት ነው የከረሙት። መንኮራኩሩን፣ የበሩን እጀታ፣ ደረጃውን ነክተው፣ ረስተው ከንፈርዎን ቢነኩ እንደ ኪዳነማርያም ነው። ክዳኗ ላይ የነበረው ከጥፍር አይበልጥም።»

የእሸቴ እጅ እንደተዘረጋ ቆመ። ያ ሁሉ የሚፈራው ሰው ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ማን ያጽዳው ታዲያ?»

«የፎቶ መድኃኒት የለመደ ሰው። ይቺ ልጅ ጓንት አላት። ዛሬ ታጽዳ፤ ነገ ረፋድ ላይ ይፈትሹ።»

እሸቴ ትርሓስን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ቅድም ሊወስዳት የነበረችው ሴት መርዝ ውስጥ ብትገባ የሚጎዳው ነገር አልታየውም። «ታጽዳ» አለ። «ሽማግሌው ዛሬ እናንተ ጋ ይደር። ነገ ጠዋት ለእኛ ታስረክቡታላችሁ።»

ጋሽ እምሩ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለትርሓስ ሰጧት። እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለችና መሃል ላይ ቆመች። ያ እጅ ባሏን አምስት ወር ያበላ ነው፤ ያ እጅ ጋሼ ኪዳኔን የገደለ ነው። ቁልፉን ብቻ ተቀብላ ወረደች።

የፖሊሱ ላንድሮቨር በምኒልክ አደባባይ ሲዞር ሾፌሩ ከፊት፣ አስገዶምና ጋሽ እምሩ ከኋላ ብቻቸውን ነበሩ። 

«ኪዳነማርያም ትናንት ምን አለዎት?» አለ አስገዶም።

«መስኮቷ ላይ ሰው አየሁ፣ ነገ ሳነሳ ዝጋው አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ያየ ሰው ይናገራል አልኩ። ዛሬ በፍቅር ዝም ቢል ነገ ሲገርፉት ይናገራል። እኔም ብሆን እናገራለሁ።» ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። ፈራሁ ልጄ።»

«ትናንት ያነሳው ፎቶ ደብዝዟል ብሎ ነበር ለእሸቴ። እኔ አይቼዋለሁ። የደቂቃ ቆጣሪዋ ጥርት ብላ ወጥታለች። ያ ፎቶ ምንም ጉድለት አልነበረውም።»

ጋሽ እምሩ አልገባቸውም።

«ዋሽቶት ነው» አለ አስገዶም። «ፊቱ የሌለበት ሌላ ፎቶ አንስቶ ለእሸቴ ሊሰጥ። ያንን ደግሞ ሊያቃጥለው ለማንም ሳያሳይ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዋለ። ዛሬ እዚያ ሰገነት ላይ የተቀመጠው የክርስትና ልጅዎን ሊደብቅልዎ ነበር።»

መኪናው ወደ ጣቢያው መታጠፊያ ሲደርስ ሽማግሌው አለቀሱ፤ ያለ ድምፅ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እርሱም እርስዎን ፈርቶ ይሆናል።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ጠረጉ። «ልጆቹ እስኪርቁ ስንት ቀን ይፈልጋሉ?»

«ሦስት ቀን ቢያገኙ ድንበር ይሻገራሉ።»

«ሦስት ቀን» አሉ ጋሽ እምሩ።

እሸቴ ክፍሉን ሲፈትሽ የተጠረገ ወለልና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ብቻ አገኘ። ትርሓስ ግን የለችም ነበር። የት እንደገባች እንዲናገሩ ሽማግሌውን በግርፋት ይጠይቃቸው ጀመር። ከሳምንት በኋላ ፒያሳ ላይ አስገዶምን ሲያገኘው ነገሩን እያማረረ ነገረው።

«አራት ቀን ሙሉ ቆየ» አለ። «ከመሞቱ በፊት የወጣው ነገር ቢኖር ስለ ሰዓት ብቻ ነው። የትኛው መንኮራኩር የትኛውን እንደሚያዞር፣ በየስንት ቀኑ ዘይት እንደምትፈልግ። ሰዎቼ አብዷል ብለው መጠየቁን ተዉት።»

 እሸቴ ሲጋራ እንዲያቀብለው ጠየቀው፤ ሻምበል አስገዶምም አቀበለው፣ ለኮሰለትም።